ቅዳሜ ያጣ ማኅበር

ሰሞኑን አንድ ነገር ያበሽቀኛል። ቆሜ የማወራው ሰው በወሬ መሐል ሁለት እጁን ያጣምራል፤ ጉልበቱን ሰበር፣ ወገቡን ዞር ያደርግና በሌለ ዱላ የሌለች ኳስ ይመታል። ከዚያ ዐይኑን ጨፈን አድርጎ ኳሷ የት እንዳረፈች ከሩቅ ይፈልጋል። ወሬያችን እዚያው ይቀራል። እኔም ይሉኝታ ይዞኝ አብሬው ሰማይ ሰማይ አያለሁ።

አመሉ አትላንታና ዙሪያዋ ባለነው አበሾች መካከል እንደ ጉንፋን እየተዛመተ ነው። ክላርክስተን እንጀራ ሊገዛ የተሰለፈ ሰው ይመታል። ከቅዳሴ የወጣ ሰው መኪና ማቆሚያው ላይ ይመታል፤ ነጠላው ሲወርድበት መልሶ ያጣፋና ይደግማል። ለቅሶ ቤት ሳይቀር በረንዳ ላይ ጃንጥላ ዘቅዝቆ ይዞ ወገቡን የሚያሟሙቅ ጎልማሳ አይቻለሁ። ጃንጥላው ደግሞ የሐዘንተኛዋ ነበር።

እነዚህ ሰዎች ትናንት ጎልፍ ሲባል “የጡረተኛ ሽርሽር” እያሉ ይስቁ የነበሩ ናቸው። ነገሩን የጀመረው የጭነት መኪና የሚነዳው ወዳጃችን ነው። ያገለገሉ ዱላዎች ከነከረጢታቸው ከአንድ ሰው ጋራዥ በርካሽ ገዝቶ መጣ። ሒሳብ ሠሪው ይህን ሲሰማ አዲስ ገዛ። የመኪና ማቆሚያ የሚያስተዳድረው ሦስተኛው ደግሞ ዱላውን ለጊዜው ትቶ በጫማውና በጓንቱ ጀመረ። አበሻ ስፖርት የሚጀምረው ወይ ሐኪም ሲያዘው ነው፣ ወይ ጎረቤቱ ሲጀምር።

ጨዋታው እጃቸው ሳይገባ ጉዞ አማራቸው።

መጀመሪያ የታሰበው አውገስታ ነበር፤ በየዓመቱ የማስተርስ ውድድር የሚካሄድበት። “እዚሁ ጆርጂያ ውስጥ አይደል? ደውለን ቦታ እንያዝ” አለ ባለ ትራኩ። አውገስታ ናሽናል ግን አባልነት በጥሪ ብቻ የሚገኝበት የግል ክለብ ነው። የመጀመሪያውን ጥቁር አባል የተቀበለውም እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ባለጸጋው ሁሉ ጥሪ ሲጠብቅ የሚያረጅበት ቤት ተደውሎ “ዘጠኝ ነን፣ ለብዙ ሰው ቅናሽ አላችሁ ወይ?” አይባልም። ሒሳብ ሠሪው ግን ቁጥሩን እስከ መፈለግ ደርሶ ነበር።

ኦበርን የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ኦበርን የአላባማ ትንሽ ከተማ ናት፤ ከአትላንታ በኢንተርስቴት 85 ሁለት ሰዓት አይሞላም። ከተማዋ ማለት ዩኒቨርሲቲዋ ነው፤ ዩኒቨርሲቲዋ ማለት ደግሞ፣ ምሁራኑ ይቅር ይበሉኝና፣ የአሜሪካ እግር ኳስ ነው። ጎልፉ ያለው አጠገቧ ባለችው በኦፔላይካ ነው፤ ግራንድ ናሽናል ይባላል፤ ሐይቅ ዳር ያለ፣ 54 ጉድጓድ ያለው ሰፊ ቦታ ነው።

የቦታው አሠራር ራሱ ወግ ነው። ዴቪድ ብሮነር የሚባሉት የአላባማ የጡረታ ፈንድ ኃላፊ ገንዘቡን አክሲዮን ላይ ብቻ ከማስቀመጥ ይልቅ በግዛቲቱ ዙሪያ የጎልፍ ሜዳ ልሥራበት አሉ። ገንዘቡ የመምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ነው። ንድፉን የሰጡት ለሮበርት ትሬንት ጆንስ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ሜዳዎች በ1992 ሲከፈቱ ሰውየው ሰማንያ አምስትን አልፈው ነበር። ዛሬ በሳቸው ስም የሚጠራው የሜዳዎች ሰንሰለት 11 ቦታ ላይ 468 ጉድጓድ አለው። እንግዳው መጥቶ ኳሱን ይመታል፣ ሆቴል ያድራል፣ ይበላል፤ ጡረተኛው ይጠቀማል።

ይህን የነገርኳቸው ሁላችንም ጋሼ ለምንላቸው አባት ነው። ጋሼ አገር ቤት ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጥተው ልጆቻቸው ጋ የመጡ ናቸው። አዳምጠው አዳምጠው፣ “የመምህር ጡረታ ጎልፍ ሜዳ ሠራ ነው የምትለኝ?” አሉኝ።

“አዎ ጋሼ።”

ብዙ ዝም አሉ። “የእኔው እኮ የጫማ ሶል አያስቀይርም ነበር።”

ታዲያ ቀን ሳይቆረጥ ኮሚቴ ተመረጠ። ሦስት አበሻ ከተሰበሰበ አንዱ ሰብሳቢ፣ አንዱ ጸሐፊ፣ አንዱ ገንዘብ ያዥ ነው፤ አራተኛው ከመጣ ቁጥጥር ይሆናል። እኔ “አንተ መቼም ትጽፋለህ” ተብዬ ጸሐፊ ሆንኩ። ባለ ትራኩ ሰብሳቢ፣ ሒሳብ ሠሪው ገንዘብ ያዥ ሆኑ። የቴሌግራም ቡድን ተከፈተ። ቡድኑ በመጀመሪያው ሳምንት ስለ ጎልፍ ያወራው ጥቂት ነው፤ የቀረው የእሑድ ስብከት፣ የሠርግ ቪዲዮና “እንዴት አደራችሁ” የሚል የአበባ ሥዕል ነው።

ከዚያ ወደ ቀኑ ተገባ። መከራው የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ለጎልፍ መጋቢትና ሚያዝያ ግሩም ናቸው፤ አየሩ አይሞቅም፣ አይበርድም፣ አበባው ፈክቷል። ግን ዐቢይ ጾም ነው። “ጾም ጎልፍ ይከለክላል እንዴ?” ብሎ ባለ መኪና ማቆሚያው ጠየቀ። ጎልፉን አይከለክልም፤ ከጎልፉ በኋላ ያለውን ጥብስ ነው እንጂ። ጥብስ የሌለበት ጉዞ ደግሞ ለዚህ ማኅበር ጉዞ አይደለም፣ ስደት ነው። በዚያ ላይ እስከ ኤፕሪል 15 ሒሳብ ሠሪው የሰው ግብር ሲያሰላ ቤቱንም አያውቀው።

ትንሣኤ አልፎ ግንቦት ሲገባ ምረቃ ነው፤ የተመራቂ ወላጅ ሆቴሉን ሁሉ ይዞታል። ሰኔ የሐዋርያት ጾም ነው። በጁላይ መግቢያ፣ የአሜሪካኖቹ የነጻነት በዓል ሰሞን፣ በሰሜን አሜሪካ ያለ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ለዓመታዊው የእግር ኳስ ፌስቲቫል ይነቀላል፤ ኳስ የማያይ ሰው እንኳ ሰው ለማየት ይሄዳል። ከዚያ የአላባማ ሙቀት ይመጣል፤ ወበቁ ሰው ቆሞ የሚቀቅል ነው። በነሐሴ ፍልሰታ። ፍልሰታ ሲፈታ እሰይ ብለን ተነሣን፤ የኦበርን ጨዋታዎች ጀመሩ።

ይህን ያላየ ሰው አያምንም። በ2020ው ቆጠራ የኦበርን ነዋሪ 76 ሺህ ገደማ ነው። ጆርዳን ሄር የሚባለው ስታዲየሟ የሚይዘው 88 ሺህ ያህል። ሕፃን ከአራስ፣ ሽማግሌ ከባልቴት፣ ከተማው ነቅሎ ቢገባ ገና ወንበር ይተርፋል ማለት ነው። የሚሞላው ከሌላ ከተማ በሚመጣ ሰው ነው። ይህ ሁሉ ሰው አንድ አርብ ማታ ማደሪያ ይፈልጋል። የከተማዋ ስም ደግሞ የመጣው ኦሊቨር ጎልድስሚዝ በ1770 ካሳተመው “የተተወችው መንደር” ከሚባል ግጥም ነው ይላሉ። ባለቅኔው አንድ ቅዳሜ ቢመጣ ርእሱን ይቀይር ነበር።

ገንዘብ ያዡ ይህን ሳያውቅ አንድ ሆቴል ደወለ። ልጅቷ ስልኩን አንሥታ “ዋር ኢግል!” አለችው። የዩኒቨርሲቲው ደጋፊዎች መፈክር ነው፤ ሰላምታቸውም ስንብታቸውም እሱ ነው። የኛው ሰው የቅናሽ ኮድ መስሎት፣ “ስንት ፐርሰንት ይቀንሳል?” አላት። ቅናሹ ቀርቶ፣ የጨዋታ ቅዳሜ ከሆነ ሁለት ሌሊት ካልከፈልክ አንድ ሌሊት አታድርም፤ ዋጋውም እጥፍ ድርብ ነው ተባለ። ስልኩን ዘግቶ በቡድኑ ላይ የጻፈው አንድ መስመር ነው፦ “ጓዶች፣ ቅዳሜ የለም።”

ደጋፊዎቹን በቀላሉ አትዩዋቸው። ካሸነፉ ቱመርስ ኮርነር በሚባለው አደባባይ ወጥተው ዛፉ ላይ ሶፍት ይወረውራሉ። አዎ፣ ሶፍት፤ የመጸዳጃ ቤቱን። ቅርንጫፉ ሁሉ ነጭ እስኪሆን ድረስ ጥቅል በጥቅል ያለብሱታል። በ2010 ኦበርን ባላንጣውን አላባማን በአንድ ነጥብ ሲያሸንፍ አንድ የአላባማ ደጋፊ ተናዶ መጣና የእነዚያን አሮጌ የኦክ ዛፎች ሥር መርዝ አጠጣ፤ ከዚያ ሬዲዮ ጣቢያ ደውሎ አናገረ። ዛፎቹ በ2013 ተቆረጡ፣ ሌሎች ተተከሉ። እኛ አገር ሰው በድንበር ይጣላል እንጂ በዛፍ ሥር መርዝ አያፈስም ብዬ ልመጻደቅ ነበር፤ የባሕር ዛፍ ክርክሮቻችን ትዝ አሉኝና ተውኩት።

ሌላው ጣጣ ቁጥሩ ነው። ጎልፍ በአራት አራት ነው የሚጫወቱት፤ በየዐሥር ደቂቃው ግድም አራት ሰው ይለቀቃል። እኛ ዘጠኝ ነን። አራትና አራት ስንል አንድ ተረፈ። ሦስት ቦታ ለሦስት እንከፈል ስንል ማን ከማን ጋር ይሁን የሚለው ጠብ አስነሣ። ከባለ ትራኩ ጋር የሚመደብ ጠፋ፤ ሰው ሊመታ ሲል “ቀስ በል፣ ተረጋጋ፣ እንደሱ አይደለም” ይላል። ጎልፍ ደግሞ የዝምታ ጨዋታ ነው፤ አንዱ ሲመታ ሌላው ትንፋሹን ይይዛል። ዘጠኝ አበሻ አራት ሰዓት ሙሉ ዝም እንዲል ከሕግ ይልቅ ሱባኤ ይቀላል።

“ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ብዬ ወጪውን ላካፍል ብሞክር ሁሉም ጌጡን ወደደ፤ ሎሚዋን የሚይዝ ጠፋ። “አለሁበት” የሚል መልእክት ጎረፈ፣ ከሥሩ የእጅ ሥዕል፣ የእሳት ሥዕል። ገንዘብ ያዡ የሒሳብ ቁጥሩን ሲለጥፍ ቡድኑ ጸጥ አለ። የጎልፍን ዝምታ የቻልነው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የሰዓቱ ነገር ግን በሐቅ ለኛ የተሠራ ነው። አላባማ ከጆርጂያ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ጠዋት ለአንድ ሰዓት ተቀጣጥረህ በአበሻ ቀጠሮ ለሁለት ትነሣለህ፤ የኪያ መኪና ፋብሪካውን ጥለህ፣ ዌስት ፖይንትን አልፈህ ድንበሩን ስትሻገር የባከነው ሰዓት ሳይጎድል ይመለስልሃል። ሰው አርፍዶ ተነሥቶ በሰዓቱ ሲደርስ በታሪካችን የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ችግሩ ከድንበሩ ወዲያ ያሉት ላኔትና ቫሊ የተባሉ የአላባማ ከተሞች ኑሯቸው ከጆርጂያ ጋር ስለሆነ በልማድ በጆርጂያ ሰዓት መዋላቸው ነው። ስልካችን አንድ ነገር ይላል፣ ነዳጅ ማደያው ሌላ ይላል፣ ጋሼ ደግሞ እጃቸው ላይ ባለችው አሮጌ ሰዓት የአዲስ አበባን ይነግሩናል።

ስለ ሣሩ አንድ ነገር ካልተናገርኩ አይሆንልኝም። በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ያለ የጎልፍ ሜዳ በብዛት የሚለብሰው እነሱ ቤርሙዳ የሚሉትን ሣር ነው። ቤርሙዳ ማለት ሰርዶ ነው፤ ያ ከማሳችን ስንነቅለው የኖርነው፣ በሬ የሚግጠው ሰርዶ። እዚሁ ጆርጂያ ቲፍተን ውስጥ ግሌን በርተን የሚባሉ ተመራማሪ ሰርዶን ከደቡብ አፍሪካ ዘመዱ ጋር የተዳቀለ ዝርያ አድርገው በ1960 አወጡትና ሜዳውን ሁሉ ወረሰው። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ እንል የለም? እነሱ ሰርዶውን በማሽን ያጭዱታል፣ ሲጠማው ያጠጡታል፣ ሲታመም ባለሙያ ይጠሩለታል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ፣ “አባቴ ያን ሰርዶ ሲነቅል ነው ወገቡ የጎበጠው” አሉ፤ ቀጥሎም የኛዎቹ ጎልፈኞች ወገባቸውን እያዞሩ እንደሚለማመዱ አስታውሰው ሳቁ።

ችሎታን ካነሣን የኛ ሰዎች መጽናኛ ቻርልስ ባርክሌይ ነው። የቅርጫት ኳስ ጀግና፣ የኦበርን ልጅ፤ ዩኒቨርሲቲው ሐውልት አቁሞለታል። ጎልፍ ላይ ግን ዱላውን ወደ ላይ ወስዶ ሲመልስ አየር ላይ ቀጥ ይል ነበር፤ አንድ ነገር የረሳ ሰው ይመስል ቆም ብሎ ያስብና ከዚያ ይወርድ ነበር። በ2009 ታዋቂው አሠልጣኝ ሃንክ ሄኒ በቴሌቪዥን ሊያቀናው ሞክሮ አልተሳካለትም። በ2020 ግን ያው ባርክሌይ ከባለሙያው ጎልፈኛ ከፊል ሚክልሰን ጋር ተጣምሮ የቅርጫት ኳሱን ስቴፈን ከሪንና የአሜሪካ እግር ኳሱን ፔይተን ማኒንግን አሸነፈ። ባለ መኪና ማቆሚያው ይህን ቪዲዮ በቡድኑ ላይ ደጋግሞ ይለጥፋል። አጣማሪው ባለሙያ እንደነበር ግን አይለጥፍም።

“የገና ጨዋታ የተጫወተ ያገር ልጅ ጎልፍ ይከብደዋል?” የሚልም አለ። ሩሯን እየሮጥን፣ እየጮህን፣ የሰው ቅልጥም እየመታን ያደግን ነን። ልዩነቱ ሩር ትሸሻለች፤ የጎልፍ ኳስ ግን ቆማ ትጠብቅሃለች፣ ቆማ እየጠበቀችህ ትስታታለህ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። በጎልፍ የሚቆጣው ጌታው ራሱ ነው፤ ዱላውን ሐይቅ ውስጥ ሲወረውር የሚታየውም እሱ ነው። “ድሮም የነጭ ጨዋታ ነው” ብሎ ለሚያጉረመርም ደግሞ መልስ አለኝ፦ ኳሷ የምትቀመጥባትን የእንጨት ችካል በ1899 በስሙ ያስመዘገበው ጆርጅ ግራንት የተባለ ጥቁር የጥርስ ሐኪም ነው። ሰበቡ ችሎታ ነው በሉ።

ጉዞውን ያዳነችው ከመካከላችን ነርስ የሆነችው ናት። ከሥራ ወጥታ በሌሊት ባዶ ፈረቃዎቿን እያየች ጻፈች፦ “ሰኞና ማክሰኞ ለምን አይሆንም? ጾም የለም፣ ጨዋታ የለም፣ ሆቴሉም ይረክሳል። ከኦክቶበር 15 በኋላ ደግሞ የግብር ማራዘሚያው ስለሚያልቅ ገንዘብ ያዡም ነጻ ነው።” ስንከራከር የከረምነውን አንድ መስመር ፈታው። ሰብሳቢው አመስግኖ፣ ሐሳቡ ከኮሚቴው እንደመጣ አድርጎ ቃለ ጉባኤ አስያዘኝ።

ጋሼ ጎልፍ አይጫወቱም። ግን እሄዳለሁ አሉ። ምክንያታቸው ተስኪጊ ነው፤ ከኦበርን በመኪና ግማሽ ሰዓት ነው። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1935 ሲመጣብን ንጉሠ ነገሥቱ የአየር ኃይላቸውን የሰጡት ጆን ሮቢንሰን ለሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ነበር፤ መካኒክነት የተማረው ተስኪጊ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ አብራሪዎች አሠለጠነልን፤ በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ምክንያት አዲስ አበባ ሞቶ እዚያው ጉለሌ ተቀበረ። “ያ ልጅ የኛን አፈር ለብሷል” አሉ ጋሼ፤ “እኔ ደግሞ የተማረበትን ቤት ሳላይ እናንተ ሣር ላይ ጉድጓድ ስትፈልጉ አልውልም።” ማክሰኞ ከሰዓት ለተስኪጊ ተያዘ። የተቃወመ የለም፤ እንዲያውም ኳሱ ያልሆነላቸው ሁለት ሰዎች ሰኞም እንሂድ ብለዋል።

ይህን እስከምጽፍ ድረስ ማስያዣ የከፈሉት ነርሷና ጋሼ ብቻ ናቸው፤ ጋሼ በጥሬ ገንዘብ፣ በፖስታ አድርገው። እናንተም ከአትላንታ ወዲያ ወዲህ ካላችሁና ይህ ጉዞ ካማራችሁ፣ አራት አራት ሆነን እንድንሞላ ቦታ አለን። የእጅ ሥዕልና የእሳት ሥዕል አትላኩልን፤ ለገንዘብ ያዡ ክፈሉ፣ ዱላ ከሌላችሁም ባለ ትራኩ ትርፍ አለው።